ልጄ ክረምቱን በፍቅር መጽሐፍ ጨረሰችው

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ጅማ ነው። ልጄ 15 ዓመቷ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሳ ቤት ተቀምጣለች። ትምህርት ከተዘጋ ጀምሮ ከስልኳ ቀና አትልም። ጌም የምትጫወት መስሎኝ ነበር፤ ለካ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ነው። ከጓደኞቿ ጋር በቴሌግራም ይቀባበላሉ። አንዱን የእህቴ ልጅ ተርጉማልኝ ሰማሁት። የሃይስኩል ልጆች፣ ውቅያኖስ ዳር መዝናናት፣ አይስክሬም፣ መሳሳም፤ በቃ ይኸው ነው። አባቷ ‹ይሄ ጊዜ ማባከን ነው፤ ማንበብ ካማረሽ ፍቅር እስከ መቃብርን አንብቢ፣ አለዚያ የአሥረኛ ክፍል መጽሐፍሽን አገላብጪ› ይላታል። እራት በቀረበ ቁጥር ጭቅጭቅ ነው። አሁን አሁን ብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቃ ማንበብ ጀምራለች። ልከልክላት ወይስ ልተዋት?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ አይከልክሏት። መልሴ ይኸው ነው። የቀረውን የምጽፈው ለአባቷ ነው፤ ቢቻል ከእራት በፊት ያንብቡላቸው።

እዚሁ ጅማ እንግሊዝኛ ሳስተምር ወደ 20 ዓመት ሆኖኛል። አብዛኛውን ዓመት የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍትም ደርቤ ነው የያዝኩት። አንብቡ ተብለው ሲለመኑ የሚሸሹ ስንት ልጆች አይቻለሁ። ተደብቃ የምታነብ ልጅ ስላለችበት ቤት ግን አላዝንም። የሚያሳስበኝ መደበቋ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ያመጣው መጽሐፉ ሳይሆን የእራቱ ጭቅጭቅ ነው።

መጀመሪያ ይህ መጽሐፍ ምን ዓይነት እንደሆነ እንግባባ። በእንግሊዝኛው ዓለም «ያንግ አደልት» ይባላል። ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ አንባቢዎች ታስቦ የሚጻፍ ነው። ጠንቋይና ዘንዶ ያለበት አለ፤ ስለ መጪው ዘመን የሚተርክም አለ። ልጅዎ የያዘችው «ኮንቴምፖራሪ» የሚሉትን ነው። አስማት የለበትም። የዛሬ ኑሮ ነው፤ ትምህርት ቤት፣ ቤተሰብ፣ ጓደኛ፣ የመጀመሪያ ፍቅር። ብዙ ጊዜ ተራኪዋ ራሷ ልጅቷ ናት፤ «እኔ» እያለች ታወራለች። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው። ንግግር ይበዛበታል። ምዕራፉ ቶሎ ያልቅና «አንድ ልጨምር» ያሰኛል።

ብዙ ሰው ይህ ነገር ትናንት ከቲክቶክ ጋር የመጣ ይመስለዋል። አይደለም። የዘርፉ መነሻ ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1967 የታተመው «ዘ አውትሳይደርስ» ነው። ደራሲዋ ኤስ. ኢ. ሂንተን መጻፍ የጀመረችው በ15 ዓመቷ፣ ገና ሃይስኩል ሳለች ነው። ለእኩዮቿ የሚቀርበው መጽሐፍ የእነሱን ኑሮ ስለማያሳይ እሷው ጻፈችው። የልጅዎ እኩያ ነበረች እኮ። ከዚያም 25 ዓመት ቀድሞ፣ በ1942፣ ሞሪን ዴሊ የምትባል ወጣት የአንዲት የ17 ዓመት ልጅ የዕረፍት ወራትና የመጀመሪያ ፍቅር ጽፋ አሳትማለች። ርዕሱ «ሰቨንቲንዝ ሰመር» ነው። ስለዚህ ትምህርት ሲዘጋ የሚነበብ ቀላል የፍቅር መጽሐፍ ከእኔም ከአባቷም ዕድሜ ይበልጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ያንን ርዕስ በአማርኛ ምን ይሉታል? መዝገበ ቃላት ቢከፍቱ «ሰመር» ማለት «በጋ» ነው። ታሪኩ ግን የሰኔ፣ የሐምሌና የነሐሴ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ሐምሌን በጋ የሚል ሰው የለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ተማሪ በዝናብ መጽሐፍ ልትመልስ መጣች። መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልላ ከሹራቧ ሥር ይዛዋለች። እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው። «ቲቸር፣ እነዚህ ሰዎች ሐምሌ ላይ የሚዋኙት አይበርዳቸውም?» አለችኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለነበር ሁለቴ አስደገምኳት። መጽሐፉን ስከፍት ኅዳጉ ላይ በእርሳስ «ሰመር፦ በጋ» ብላ ጽፋለች። ከሥሩ «ጁላይ፦ ሐምሌ»። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ ነው ግራ የገባት። መጻፏ ላይ ልቆጣ አስቤ ተውኩት። ካርታ አወጣን። እኛም እነሱም ከምድር ወገብ በስተሰሜን ነን። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትዘልቅ እነሱ ጋ ሙቀት ይሆናል፤ እኛ ጋ ግን የዝናቡን ቀበቶ አስከትላ ትመጣለች። ያው ፀሐይ፣ ያው ወር፣ እዚያ መዋኘት፣ እዚህ ጭቃ። ግማሽ ሰዓት አወራን። ከአንድ «ቀላል» የፍቅር መጽሐፍ የወጣ የጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ በሉት።

ያንን ርዕስ እኔ ብተረጉመው «አሥራ ሰባተኛው ክረምት» ነው የምለው። በግዕዝ ክረምት ማለት ዓመትም ነውና ለዕድሜም ይሆናል። ደግሞም የእነዚህ መጻሕፍት ነገር ፀሐዩ አይደለም፤ ትምህርት ቤት መዘጋቱ ነው። ደወል የለም። ፈተና የለም። ልጆቹ ለሁለት ወር የራሳቸው ናቸው። ይህን የጅማ ልጅ አሳምሮ ያውቀዋል። ሐምሌና ነሐሴ ቡናው ገና አረንጓዴ ነው፤ ለቀማው የሚጀምረው ትምህርት ከተከፈተ በኋላ ነው። አዌቱ ይሞላል፣ የሰፈሩ መንገድ ይጨቀያል፣ ከቀትር በኋላ ከቤት የሚያስወጣ ነገር አይገኝም። ለማንበብ ከዚህ የተሻለ ወቅት ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ አባቷ ክርክር ልግባ። «ቀላል ነው» ሲሉ መጽሐፉን መናቃቸው ነው። እኔ ደግሞ የምወድለት ያንኑ ነው። ሥራውን የሚሠራው ቀላልነቱ ነው።

ሁ እና ኔሽን የተባሉ የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ ጥናት አሳተሙ። አንድ አንባቢ ልብ ወለድን ያለ ረዳት በደንብ ለመረዳት ከ100 ቃላት 98 ያህሉን ማወቅ እንዳለበት ነው ያገኙት። ከ50 ቃል አንድ አዲስ ማለት ነው። አዲሱ ቃል ከዚያ ሲበዛ ንባቡ ቁፋሮ ይሆናል። አንድ መስመር፣ መዝገበ ቃላት፣ አንድ መስመር፣ መዝገበ ቃላት። ታሪኩ ይጠፋል። ልጁም ይጠፋል።

ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ልጆቹን ይህን የማሳያቸው በጣት ነው። የመጽሐፉን መሐል ይከፍቱና አንድ ገጽ ያነባሉ። የማያውቁት ቃል ባገኙ ቁጥር አንድ ጣት ያጥፋሉ። አንድ ገጽ 250 ቃል ገደማ ቢይዝ፣ ከ50 አንድ ማለት አምስት ቃል ነው፤ አንድ እጅ። ገጹ ሳያልቅ እጁ ጭብጥ ከሆነ መጽሐፉ ለጊዜው ወደ መደርደሪያው ይመለሳል። ነውር የለውም። ስልክ ላይ ገጹ ትንሽ ስለሆነ ሁለት ሦስት ስክሪን አንድ ላይ ይቁጠሩ።

ይህን ፈተና ልጅዎ ዛሬ ማታ በሁለት መጽሐፍ ትሞክረው፤ በልብ ወለዷና በባዮሎጂ መጽሐፏ። የባዮሎጂው ላይ ሁለተኛው አንቀጽ ሳያልቅ እጇ ጭብጥ ይሆናል። ባዮሎጂ አይነበብ እያልኩ አይደለም፤ የግድ ይነበባል። ግን እንደዚያ ካለ መጽሐፍ የማንበብ ፍጥነት አይገኝም። ፍጥነት የሚመጣው ብዙ በማንበብ ነው። ብዙ የሚነበበው ደግሞ የሚገባና የሚጥም ሲሆን ነው። የዚህ ዓይነት ልብ ወለድ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 80 ሺህ ቃል አለው። በክረምት ስድስት ብታነብ ቢያንስ 300 ሺህ የእንግሊዝኛ ቃል በዓይኗ አለፈ ማለት ነው። የትኛው ቱቶሪያል ነው ይህን የሚሰጣት? የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ረጃጅሙን ምንባብ ከሰዓት ጋር እየተሽቀዳደመች ስታነብ ያኔ ይታያል።

ቃሉ እንዴት እንደሚገባ በቅርብ ላሳይዎት። «ኦክዋርድ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል አለ። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ እንደ ቆሎ የተበተነ ነው። ልጁና ልጅቷ በር ላይ ሲጋጩ «ኦክዋርድ»። እራት ላይ ሁሉም ዝም ሲል «ኦክዋርድ»። አንዷን አንባቢዬን በአማርኛ ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። መዝገበ ቃላት አላየችም። ጣሪያውን ትንሽ አየችና «ሰው ፊት ቆመህ እጅህን የት እንደምታደርገው ሲጠፋህ» አለችኝ። እኔ አስተማሪዋ ከዚህ የተሻለ ፍቺ አልነበረኝም። ቃሉን ማንም አላስተማራትም። አሥር ቦታ አግኝታው፣ አሥሩንም ቦታ ልብ ብላ፣ ራሷ ሠራችው።

ዕረፍት ላይ የሚነበበውን ለብቻው ያጠኑም አሉ። አሊንግተንና ማክጊል ፍራንዘን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ፍሎሪዳ ውስጥ የድሃ ቤተሰብ ልጆች የሚበዙባቸውን ትምህርት ቤቶች መረጡ። ሦስት ዓመት በተከታታይ፣ ትምህርት ሊዘጋ ሲል ለእያንዳንዱ ልጅ 12 መጽሐፍ ሰጡ። መራጮቹ ልጆቹ ናቸው። እነሱም ክላሲክ አልተሻሙም፤ ስለ ዘፋኝ፣ ስለ ስፖርተኛ፣ ስለ ፊልም ያለውን ነው ያፈሱት። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ውጤት መሠረት መጽሐፍ ያገኙት ልጆች ካላገኙት በንባብ ፈተና በልጠው ተገኙ። ልጆቹ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ስለነበሩ ቁጥሩን እንዳለ ወደ እርስዎ ቤት አላመጣውም። መምረጡ የልጆቹ መሆኑን ግን አመጣዋለሁ።

ይህን ጥናት ከማንበቤ በፊት ነገሩን በራሴ ጥፋት ነው የተማርኩት። ቤተ መጻሕፍቱን በያዝኩ ሰሞን አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ነበር። ቀጫጭን የወንጀል ታሪኮችን በሳምንት ሦስት ይጨርሳል። እኔም ጎበዝ መሆኔ ነው፣ «በቃ አሁን ከፍ እንበል» አልኩት። አንድ ወፍራም ክላሲክ አሸከምኩት። በዚያ ላይ የየምዕራፉን ማጠቃለያ ጽፈህ አምጣ አልኩት። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ጽፎ አመጣ፤ ያውም በጥሩ እጅ ጽሕፈት። ከዚያ ጠፋ። ከወራት በኋላ መጽሐፉን እናቱ መለሱልኝ፤ እሱ ሊያየኝ አፍሮ። ገጽ 19 ላይ ጥጉ ታጥፏል። ያቺን እጥፋት እስካሁን አልረሳኋትም። ከዚያ በኋላ ማጠቃለያ አስጽፌ አላውቅም። የወንጀል ታሪኩንም «ከዚህ የሚመስል ሌላ አለ» እያልኩ ነው የማድለው።

አባቷ የጠሩት «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን ጥሩ መጽሐፍ ነው። እኔም እወደዋለሁ። ችግሩ እንደ ቅጣት መታዘዙ ነው። «ያንን ተይና ይህን» ተብሎ የመጣ መጽሐፍ ገና ሳይከፈት ይጠላል። ደግሞ በቅን ልቦና እንነጋገር። የሐዲስ ዓለማየሁ ድንቅ ሥራ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ እስከ ዛሬ በሰው ልብ የቀረው በምንድን ነው? ስለ ባላባትና ስለ ጭሰኛ ብዙ ቁም ነገር አለው። ሰው ግን መጀመሪያ የሚያነሳው በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ነው። ሁለት ወጣቶች፣ የማይፈቀድ ፍቅር፣ የሚቆጣ አባት። አባቷ ልጃቸውን ከፍቅር መጽሐፍ ሊያስጥሉ የመረጡት መሣሪያ የፍቅር መጽሐፍ ነው። (ይህን ሲያነቡላቸው ፈገግ ካሉ ግማሹን መንገድ ተጉዘናል።)

ደግሞ ስንቱ ነው ያንን መጽሐፍ «አንብቤዋለሁ» የሚለው፣ እውነቱ ግን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ! ይህ ሐሜት አይደለም። መስማትም ንባብ ነው። ልጅቷ ከ500 በላይ ገጽ አይታ ከደነገጠች በዚያ በኩል ትግባ። ትረካውን አባቷ ቡና እየጠጡ ይክፈቱት፤ «ነይ ስሚ» ሳይሉ። ከጓዳ ጆሮ ይመጣል።

ስለ ተወዳጅ ልብ ወለድ አንድ ታሪክ ልጨምር። በደርግ ዘመን ነቢይ መኰንን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ አንድ መጽሐፍ ተረጎመ፤ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ። በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። መጽሐፉ የፖለቲካ ፍልስፍና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1936 አሜሪካ ውስጥ ወጥቶ ሕዝብ በገፍ የገዛው የፍቅርና የጦርነት ልብ ወለድ ነው። በዚያ ጨለማ ውስጥ ያሉ ሰዎች ከሲጋራ ወረቀት ላይ «ከዚያስ ምን ሆነች?» ብለው የሚጠብቁት ታሪክ ማግኘታቸውን ሳስብ ታሪክ መከተልን ጊዜ ማባከን ለማለት አንደበቴ አይታዘዝልኝም።

እስካሁን ለልጅቷ ስሟገት ቆየሁ። አሁን ወደ እናትየዋ ወገን ልዙር። መጠንቀቅ ያለብዎት ነገር አለ፤ እሱም ቀላልነቱ አይደለም።

ቴሌግራም ላይ ሁሉም ነገር ተደባልቆ ነው የሚጫነው። «ያንግ አደልት» አንድ ነገር ነው። «ኒው አደልት» የሚባል ደግሞ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ አሳታሚዎች የሰጡት ስም ነው። ባለታሪኮቹ ከ18 ዓመት በላይ ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ወይም ሥራ የጀመሩ። የአልጋው ነገር በግልጽ የሚጻፍበት ይበዛል። ከዚያ በላይ የለየለት የአዋቂ ሮማንስ አለ። የሚያሳስተው ሽፋኑ ነው። አሁን አሁን የአዋቂውም መጽሐፍ ሽፋን በካርቱን ይሳላል። ሮዝና ሰማያዊ ቀለም፣ ፀጉሯ የተንጨባረረ ልጅ፣ መጽሐፍ የያዘ ልጅ። ያየ ሰው የ13 ዓመት ልጅ መጽሐፍ ነው ይላል። ውስጡ ሌላ ነው።

መለያው ቀላል ነው። ሽፋኑን ይተዉት። ባለታሪኳ ስንት ዓመቷ ነው? የት ትውላለች? 16 ዓመቷ ከሆነና ሃይስኩል የምትማር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ለልጅዎ የተጻፈ ነው። ቢሮ የምትገባ፣ አፓርታማ የተከራየች ከሆነ ለሌላ ሰው የተጻፈ ነው። ይህን ለማወቅ እንግሊዝኛ ማንበብ አያስፈልግዎትም። ልጅዎን ይጠይቋት፤ ትነግርዎታለች። ያንግ አደልት ስለሆነ ብቻ ግን ሁሉ ለስላሳ ነው ማለት አይደለም። ስለ ሞት፣ ስለ ሱስ፣ ራስን ስለ ማጥፋት የሚያነሱ አሉ፤ አንዳንዶቹ በጥሩ ሁኔታ፣ አንዳንዶቹ በደንታ ቢስነት። እንደዚያ ያለ ከገጠማት ብቻዋን እንዳትሸከመው ነው የምፈልገው። ብርድ ልብሱን የምጠላው ለዚህ ነው። ተደብቃ የምታነብ ልጅ የከበዳትንም ትደብቃለች።

በቴሌግራም የሚዞረው ፒዲኤፍ አብዛኛው ያለ ደራሲው ፈቃድ የተቀዳ መሆኑንም ልንገርዎት። በዚያ ላይ ጎደሎ ነው። አንዲት ተማሪዬ መጨረሻው ምዕራፍ የሌለው መጽሐፍ አንብባ ለጓደኞቿ ከራሷ መጨረሻ ፈጥራ ነግራቸዋለች። በኋላ እውነተኛውን ሲያገኙት «ያንቺ ይሻላል» አሏት አሉ። ይህ ግን ሰበብ አይሆንም። የወረቀት መጽሐፍ በተገኘበት ሁሉ ይገኝ። ለዓይንም ይሻላል፤ መብራት ሲጠፋና ባትሪው 7 ፐርሰንት ላይ ሲደርስም አይዘጋም።

የት ይገኛል ነው ጥያቄው። እንደዚህ ያለ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ጅማ መጻሕፍት መደብር ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም። አዲስ አበባ የሚመላለስ ዘመድ ካለ ያገለገለ መጽሐፍ የሚሸጡ ሰዎች ጋ ይላኩት። ሁለት ነገር ያስጠይቁ። አንዱ «ኦክስፎርድ ቡክዎርምስ» የሚባሉት ቀጫጭኖቹ ናቸው። በደረጃ የተከፈሉ ናቸው፤ አንደኛው ደረጃ 400፣ ሦስተኛው 1000፣ ስድስተኛው 2500 መሠረታዊ ቃላት ላይ ይቆማል። አምስቱ ጣት ቶሎ ለሚታጠፍባት ጓደኛዋ ጥሩ መግቢያ ናቸው። ሁለተኛው ማክሚላን እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ያሳተማቸው «ፔስሴተርስ» ናቸው። አፍሪካውያን ደራሲዎች ለወጣት አንባቢ የጻፏቸው ፈጣን ታሪኮች ናቸው፤ ፍቅርም ወንጀልም አለባቸው። አርጅተዋል፣ ሽፋናቸው የተገነጠለ ይበዛል። ግን ባለታሪኮቹ ላይ የሚዘንበው ልጅዎ የምታውቀው ዓይነት ዝናብ ነው።

በአማርኛስ ካሉኝ አንጀቴን ነክተውታል። ለሕፃናት የሚጻፍ አለ። ለአዋቂ የሚጻፍ አለ። የ15 ዓመት ልጅ የዛሬ ኑሮዋን፣ ክፍሏን፣ ጓደኛዋን፣ ታክሲ ጥበቃዋን የምታይበት ቀለል ያለ ልብ ወለድ ግን በጣም ትንሽ ነው። በአፋን ኦሮሞም ያው ነው። ልጆቹ ወደ እንግሊዝኛው የሄዱት የራሳቸውን ቋንቋ ንቀው አይመስለኝም። የሚፈልጉትን ሲያጡ ነው።

ቋንቋውን ግን ቤት ውስጥ መመለስ ይቻላል። ቡና ሲፈላ ታሪኩን በአማርኛ ታጫውትዎ። በአፋን ኦሮሞ የምታወራ አያት ካሉም ለእሳቸው በዚያው ታውራ። ይህ ቀላል ሥራ እንዳይመስልዎት። በእንግሊዝኛ ያነበበችውን ቀልድ በሌላ ቋንቋ ለማሳቅ ስንት ቃል መፈለግ አለባት! የእርስዎ ድርሻ እንደ ተረት አድማጭ መሆን ነው። «ከዚያስ?» ይበሉ። «ምን ተማርሽበት?» ብቻ እንዳይሉ። ያቺ ጥያቄ ከመጣች ጨዋታው ፈተና ሆነ ማለት ነው፤ ነገ አታወራዎትም። የሰለቻትን መጽሐፍም ግማሽ ላይ ትጣለው። «የጀመርሽውን ጨርሺ» ለምግብ ነው።

አባቷ የአሥረኛ ክፍሉን ነገር ማንሳታቸው ልክ ነው። ልብ ወለድ ሒሳብ አያስተምርም። ጠዋት፣ ጭንቅላት ንጹሕ ሲሆን፣ አንድ ሰዓት ለሒሳብና ለፊዚክስ ትስጥ። ልብ ወለዱ የዚያ ሽልማት ወይም ቅጣት አይሁን፤ ለብቻው ይቀመጥ። ማታ ስልኩ ሳሎን ይደር። በቀን በመስኮቱ በኩል፣ ብርሃን ባለበት፣ ሰው እያያት ታንብብ። እንዲህ ከተፈቀደላት ብርድ ልብሱ ለመተኛ ብቻ ይሆናል።

ለእራቱ ጭቅጭቅ ደግሞ አንድ ውል አለኝ። ከእሷ መጽሐፎች አንዱን አባቷ ያንብቡ፤ እንግሊዝኛው ካስቸገራቸው እሷ ትተርክላቸው። እሷም የእሳቸውን ትጀምር። የእሷ 250 ገጽ ገደማ ነው፣ የእሳቸው ከ500 በላይ። ስለዚህ ሁለት ለአንድ ይሁን፤ እሳቸው ሁለተኛውን እስኪጨርሱ እሷን ማንም «የት ደረስሽ?» አይበላት።